የምላስ ካንሰር፦ የአባቴን የመትረፍ ዕድል የሚወስነው ምንድን ነው?

የሹፌሩ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ስለ አባቴ ልጠይቃችሁ ነው። 61 ዓመቱ ነው። ከባድ መኪና እየነዳ ነው ያሳደገን፤ መጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ ኋላም የጅቡቲን። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫቱ በጉንጩ፣ ሲጋራው በጣቱ ነበር። መጠጥ ብዙም አይወድም፤ በዓል ሲሆን አረቄ ይቀምሳል እንጂ።

ፋሲካ አካባቢ በምላሱ ግራ ጠርዝ ላይ ቁስል ወጣበት። «ጥርሴ እየከረከረኝ ነው» አለን። ከመድኃኒት ቤት መጉመጥመጫ ተሰጠው፤ አልሻለውም። ጥርስ ክሊኒክ ሄዶ ያንን መንጋጋ ጥርስ አስነቀለ፤ ቁስሉ ግን ያው ነው። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። በርበሬ ያለው ወጥ መብላት ሲያቅተው፣ በዚያው በኩል ጆሮውን ሲወጋው፣ እናቴም አንገቱን ስትዳስስ ጠጠር ያለ ነገር ስታገኝ ነው ደሴ የወሰድነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ናሙና ተወሰደለት፤ ውጤቱ «ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ» (ከአፍ የላይኛው ሽፋን የሚነሣ ካንሰር) ይላል። በኤምአርአይ እጢው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ተባለ፤ በግራ አንገቱ አንድ ንፍፊት አብጧል። ሳንባውና ጉበቱ ንጹሕ ናቸው።

ሐኪሙን «ይተርፋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ብዙ ነገር ነው የሚወስነው» አለኝ። ውጭ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ከዚያ በላይ ማውራት አልተቻለም።

ቤታችን ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አጎቴ «ብረት ከነካው ይበተናል፣ መጀመሪያ ፀበል ይግባ» ይላል። ወንድሜ ሪያድ ነው የሚሠራው፤ «ገንዘቡን እኔ እችላለሁ፣ ህንድ ውሰዱት» እያለ ይደውላል። አባቴ ራሱ «ምላሴ ተቆርጦ ምን ሰው እሆናለሁ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ግን ተሰጥቶናል። እንደ አባቴ ያለ ሰው የሚተርፈው በምንድን ነው? እኛስ የምናደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም

እህቴ፣ አባትሽን መርምሬ አላየኋቸውም፤ ስለዚህ የምጽፈው የሚያክሟቸውን ሐኪሞች ቃል የሚተካ አይደለም። «ብዙ ነገር ነው የሚወስነው» ያለሽ ሐኪም እውነቱን ነው። ግን ያ «ብዙ ነገር» ምን እንደሆነ ልታውቂው ይገባል፤ ከፊሉ ገና በእጃችሁ ነውና።

በመጀመሪያ፣ የጻፍሽው ሁሉ ትክክል ከሆነ ሕክምናው ለማዳን ታስቦ የሚሰጥበት ደረጃ ላይ ናቸው። እጢው 4 ሴንቲ ሜትር አልሞላም፤ ሩቅ አካልም አልደረሰም። እኔን የሚያሳስበኝ አንገታቸው ነው። በአፍ ካንሰር የመዳንን ዕድል ከሁሉ በላይ የሚያወርደው ሕመሙ ወደ አንገት ንፍፊት ማለፉ ነው፤ በጥቅሉ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ሆኖም ንፍፊት ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድ ጎን ያለ፣ አንድ ብቻ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ፣ በሁለቱም ጎን ከተዘራው እጅግ ይሻላል። ከሁሉ የሚከፋው ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ጥሶ ወደ ዙሪያው ሥጋ ሲወጣ ነው። ይህ በእርግጥ የሚታወቀው ግን ንፍፊቱ ወጥቶ ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው።

ሌላው ጥልቀት ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የቁስሉን ስፋት ነው፤ እኔ ግን ቶሎ ማወቅ የምፈልገው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ ነው። ምላስ እኮ ጡንቻ ነው፤ እጢው በጠለቀ ቁጥር ወደ አንገት የሚወስዱትን የሊምፍ መሥመሮች ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የምንሠራበት የደረጃ አወጣጥ 5 እና 10 ሚሊ ሜትርን መለያ አድርጎ ጥልቀትን ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ያልሞላች ትንሽ ቁስል እንኳ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጠለቀች ደረጃዋ ከፍ ይላል። የኤምአርአይ ወረቀቱ ላይ ጥልቀቱ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቺ።

ቁጥር እንደምትፈልጊ ይገባኛል፤ ሁሉም ቤተሰብ ይፈልጋል። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ምላስ ላይ ብቻ ሳለ ከተደረሰበት 5 ዓመት የሚሻገሩት ከ100 ሰው ከ80 በላይ ናቸው፤ ወደ ንፍፊት ካለፈ 70 ገደማ፣ ሩቅ አካል ከደረሰ 40 ገደማ። ይህን ስታነቢ ግን ተጠንቀቂ። እዚያ ቁጥር ውስጥ የምላስ ሥር (በጉሮሮ በኩል ያለው የኋላ ክፍል) ካንሰርም ተቀላቅሏል፤ ያ ብዙ ጊዜ ከኤችፒቪ ቫይረስ ጋር የተያያዘና ለሕክምና በደንብ እጅ የሚሰጥ ነው። የአባትሽ ዓይነቱ፣ በሚታየው የምላስ ክፍል ላይ ሆኖ ከትምባሆ ጋር የመጣው፣ ከዚያ የከበደ ነው። ደግሞም እዚያ አገር ሰው የጨረር ሕክምና ለማግኘት እንደኛ ወረፋ አይጠብቅም። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ተከታተሉ።

የአጎትሽን ነገር ሳልመልስ አላልፍም። «ብረት ከነካው ይበተናል» የሚለው ንግግር ስንት ሰው እንዳስቀረብኝ ስናገር ያመኛል። ናሙና መወሰዱ ወይም ቀዶ ሕክምና መደረጉ ካንሰሩን አይበትነውም። ሰው ብረት የሚነካው መጨረሻ ላይ፣ አፉ አልከፈት ሲል፣ አንገቱ ሁለት በኩል ሲያብጥ ስለሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲሞት ጥፋቱ በብረቱ ይሳበባል። ፀበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ይጠመቁ፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ ግን አልጋቸው ላይ ይገኙ። ደግ የንስሐ አባት ካላቸው እሳቸው ለአጎትሽ ቢነግሩት ከእኔ ይልቅ ይሰማቸዋል።

የቀዶ ሕክምናው ጥራት ራሱ ዕድሜ ይወስናል። እጢው በዙሪያው ጤነኛ ሥጋ አብሮት መውጣት አለበት፤ በፓቶሎጂ ሲለካ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ንጹሕ ጠርዝ ከተገኘ ደስ ይለናል። የአንገቱ ንፍፊትም በዚያው ቀን መውጣት አለበት። ሙምባይ የሚገኘው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው ጥናት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነበር። አንገታቸው ላይ ምንም እብጠት ያልነበረባቸውን የመጀመሪያ ደረጃ ሕመምተኞች ለሁለት ከፍሎ፣ ከፊሎቹን ንፍፊታቸውን ከእጢው ጋር አወጣ፤ ሌሎቹን እብጠት እስኪመጣ ጠበቀ። ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ፣ ከጠበቁት 67.5 በመቶ ነበሩ። እብጠት የሌለው አንገት እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ የአባትሽ አንገት ለነገ የሚባል አይደለም።

አሁን የእናንተ ድርሻ። ሲጋራው ዛሬ ይቁም። ጨረር እየተሰጠው የሚያጨስ ሰው ጨረሩ የሚሠራለት በጣም ያነሰ ነው፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም፤ ሁለተኛ ካንሰር በአፉ፣ በጉሮሮው ወይም በሳንባው የመምጣት ዕድሉም ይጨምራል። ክብደታቸውን በየሳምንቱ መዝኑ። ደም ማነስ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ከአሁኑ ይስተካከል። ዕድሜያቸው ብቻውን አያስፈራኝም፤ ከስቶና ደክሞ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባ ሰው ነው የሚያስፈራኝ።

የባለቤቴ አስታማሚ (ወልዲያ)

ልጄ፣ አባትሽ «ምላሴ ተቆርጦ ምን ሰው እሆናለሁ» አለ ያልሽው አንጀቴን በላው። የእኔም ባል ያንኑ ነበር ያለው። መምህር ነው፤ «ያለ ምላስ ምን አስተምራለሁ» ብሎ ሆስፒታል አልሄድም አለ። በኋላ ሐኪሙ አስቀምጦ «የሚወጣው አንድ ጎኑ ነው፣ ሁሉም አይደለም» ብሎ በወረቀት ስሎ ሲያሳየው ነው ልቡ የተመለሰው። አባትሽም ምን ያህሉ እንደሚወጣ በግልጽ ይነገረው። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው።

ባሌ ዛሬ ይናገራል። «ር» እና «ል» ያስቸግሩታል፤ ስልክ ላይ ቀስ ብሎ ካላወራ አይሰማም። ልጆቹ ግን ክፍል ውስጥ ለምደውት ጨርሶ አይቸገሩም።

እኔ የምነግርሽ ስለ ምግብ ነው፤ ያዳነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጨረሩ ከተጀመረ ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ አፉ ውስጡ ተቃጠለ። ውሃ እንኳ እሾህ ሆነበት። አጥሚት በወተትና በቅቤ፣ የተፈጨ ሾርባ፣ በሶ በማር፣ እንቁላል በወተት የተመታ፣ አቮካዶ፣ ሁሉንም ቀዝቀዝ አድርጌ በጥቂት በጥቂቱ ቀኑን ሙሉ ሰጠሁት። በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ነገር ከቤት አወጣሁ። ከመብላቱ በፊት የሚያደነዝዝ መጉመጥመጫና ማስታገሻ ታዞለት ነበር፤ ያንን ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ነው። «ሞርፊን ሱስ ያስይዘዋል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሕመሙ ሲታገስለት ይበላል። የእኔው ሰውዬ ሲብስበት «ነገ ጨረሩን ልቅር፣ አንድ ሳምንት ልረፍ» ይል ነበር። አላስቀረሁትም። ነርሷ «አንድ ቀን እንኳ አታስቀሪው» ብላኝ ነበርና እያለቀሰም ወሰድኩት። በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ እናድርግለት ካሏችሁም እሺ በሉ፤ ጊዜያዊ ነው።

እናትሽን ደግሞ ጠብቂያት። አስታማሚም ይወድቃል።

መንገደኛው (አዳማ)

ስለ ህንዱ ጉዳይ እኔ ልናገር፤ ታላቅ ወንድሜን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝና። የጉንጭ ካንሰር ነበር። እዚያ ያለው ሕክምና ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ከመሄዳችን በፊት ያለፈው ጊዜ ግን ሕመሙን አሳደገው፦ የሕክምና ማስረጃ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ዶላር ፍለጋ። ስንደርስ እጢው እዚህ ከተለካው ጨምሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን አደረጉለትና ገንዘባችን አለቀ። «ጨረሩን አገራችሁ አድርጉ» ተባልን። ተመልሰን ስንመጣ ማን ይቀበለን፣ ማን ወረፋ ይያዝልን? ደብዳቤያችን በእንግሊዝኛ፣ ናሙናው ህንድ፣ ሐኪሙ ህንድ። ጨረሩ ሲጀመር ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ወር አልፎ ነበር፤ አንገቱ ላይ መልሶ ወጣ።

ወንድምሽ ገንዘብ ካለው የምመክረው ይህን ነው፦ አንድ ጊዜ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚያዘልቅ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናውም ጨረሩም ማረፊያውም፣ ይውሰደው። ግማሹን ብቻ ከሆነ ግን እዚሁ ቀጠሮ ከተሰጣችሁ እዚሁ ጀምሩ፤ የእሱ ገንዘብ ለመድኃኒት፣ ለሲቲ ስካን፣ አዲስ አበባ ለቤት ኪራይ ይሁን። ሰው ለጨረር መጥቶ ማረፊያ በማጣት አቋርጦ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም

ወንድሜ መንገደኛው፣ የደረሰባችሁ ያሳዝናል፤ የተናገርከው ግን መጻፍ የነበረበት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር ካስፈለገ በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ነው የምንፈልገው። ከቀዶ ሕክምናው ቀን አንሥቶ እስከ ጨረሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የቀሩት ሕዋሳት ዕድል ያገኛሉ። ለዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም አለ፤ ከሚታመመው ሰው ብዛት አንፃር ግን አሁንም ጥቂት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በፊት የጨረር ሐኪም ዘንድ ስማቸው ይመዝገብ። በኋላ አያስፈልግም ከተባለ ይሰረዛል፤ ካስፈለገ ግን ወረፋውን ከዜሮ አትጀምሩም።

የወልዲያዋ እናታችን ነርስ ያለቻት በትክክል ነው። ጨረር ሲቋረጥ ካንሰሩ በፍጥነት መልሶ ይበዛል፤ አንድ ቀን በተጓተተ ቁጥር እጢውን የመቆጣጠር ዕድል በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ጥርሳቸውም ከጨረር በፊት ይታይ። የሚነቀል ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ይነቀል። ጨረር ካረፈበት በኋላ ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንቱ ሊሞት ይችላል፤ ያንን ማከም እጅግ አድካሚ ነው።

የሹፌሩ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ እንዳሉኝ የንስሐ አባታችንን አነጋገርኩ፤ ራሳቸው መጥተው አጎቴን «ሐኪምንም የፈጠረ እሱ ነው» አሉት። ወንድሜም የመንገደኛውን ጽሑፍ አንብቦ ደወለልኝ፤ ህንዱን ትቶ የአዲስ አበባውን ቤት ኪራይ ሊከፍል ተስማምቷል። አባቴ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት ወጥቷል። በቱቦ ነው የሚመገበው፤ በወረቀት እየጻፈ ያዘናል፤ ትናንት «የመኪናው ዘይት ተቀይሯል ወይ» ብሎ ጻፈልን። ሲጋራውን ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ አልነካም።

የፓቶሎጂ ውጤቱ ዛሬ ደረሰኝ። እጢው 3.2 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 9 ሚሊ ሜትር ይላል። የጥልቁ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር። በነርቭ ዙሪያ መሄድ «አለ»። ከ27 ንፍፊት አንዱ ላይ ተገኝቷል፤ 1.8 ሴንቲ ሜትር፤ ከሽፋኑ መውጣት «የለም»። ምን ማለት ነው? ዶክተር፣ ይተርፋል?

የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም

ወረቀቱን እንዲህ አሟልተሽ ስለጻፍሽው ደስ ብሎኛል። የሚያስደስተውን ላስቀድም። 27 ንፍፊት መውጣቱ አንገቱ በደንብ እንደተሠራ ያሳያል፤ ቢያንስ 18 ሲሆን ጥሩ ነው እንላለን። ከ27ቱ አንድ ብቻ መያዙ፣ ያም ከሽፋኑ አለመውጣቱ ትልቅ ዜና ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ካወራነው ሁሉ እጅግ የምፈራው እሱን ነበር።

ሁለት ነገሮች አልወደድኩም። ጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካንሰር የነካው ጠርዝ አይደለም፣ ግን ከምንፈልገው 5 ያነሰ ነው። በነርቭ ዙሪያ መሄዱም ካንሰሩ ነርቩን እንደ መንገድ እንደያዘ ያሳያል፤ በዓይን የማይታይ ቅሪት ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ ጋር የንፍፊቱ መያዝ ሲደመር የሦስተኛ ደረጃ ሕመም ነው፤ ጨረር ያስፈልጋቸዋል ብዬ አምናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ ለ6 ሳምንት ነው፤ በጠቅላላ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) አብሮ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን የካንሰር ሐኪሞቹ ይወስናሉ። ጥቅሙ በጥናት በደንብ የታየው ጠርዙ ካንሰር ሲገኝበት ወይም ከንፍፊቱ ሽፋን ሲወጣ ነው፤ አባትሽ ሁለቱም የለባቸውም። ካልተሰጣቸው ተነፈግን ብላችሁ አትጨነቁ።

ይተርፋሉ ወይ ላልሽኝ፣ ቃል አልገባልሽም፤ ግን ተስፋ አለኝ፤ ይህንን ለማጽናናት ያህል አይደለም የምጽፈው። ሕመሙ መልሶ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየ1 እስከ 3 ወሩ፣ በሁለተኛው በየ2 እስከ 6 ወሩ አፋቸውና አንገታቸው በሐኪም እጅ ይዳሰስ። ደህና ነኝ ብለው እንዳይቀሩ፤ ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው ብላችሁም እንዳትተዉት። በመካከል ደሴ ላይ የሚያይ ሐኪም ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ የፓቶሎጂውን ቅጂ ስጡት። አንገታቸው ጨረር ስለሚያገኘው የእንቅርት ዕጢ ሆርሞናቸውም በየ6 ወይም 12 ወሩ ይለካ።

የሹፌሩ ልጅ (ኮምቦልቻ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ዶክተር። የጨረር ቀጠሮው አስቀድመን በመመዝገባችን ቀርቧል፤ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በአምስተኛው ሳምንት ይጀምራል። ጥርሱንም ነገ ያዩለታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲጋራውን ትቶ «ጫቷን ግን ተዉልኝ» ብሎ ጽፎልናል። ምን ልበለው?

የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም

አምስተኛ ሳምንት በጣም ጥሩ ነው። ጫቱንም ይተዉት በይልኝ። በጨረር የተቃጠለ አፍ ውስጥ ቅጠል መያዝ ቁስሉን ይፍቃል፣ አፍ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ጫት ደግሞ ሲጋራውን መጥራቱን እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ነገ ጥርሳቸው ሲታይ የሚነቀል ካለ እዚያው ሳይዘገይ ይነቀል፤ እስከ ጨረሩ ቀን ቢያንስ 2 ሳምንት መቅረት እንዳለበት ለጥርስ ሐኪሙ ንገሪው። ወደ ጨረር ሐኪሙ ስትሄዱ የፓቶሎጂውን ዋናውን ወረቀት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሡትን የኤምአርአይ ምስል በሲዲ፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና ክብደታቸውን የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ክብደታቸው ከወረደ መጀመሪያ እሱን ንገሯቸው።